«ፈታ አድርጊው»

ይህን ነገር ባስታወስኩ ቁጥር ያናድደኛል። ብዙ ጊዜ አልፎታል፣ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም።

የምንሠራው እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ውስጥ ነው። የድንገተኛ አደጋ ዕቅድ አውጡ ሲባል ኃላፊያችን ከቤቱ አንድ የቆየ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ መጣ። ጫካና በረሃ ውስጥ ስለ መትረፍ የሚያስተምር ነው። ዕቅዱ ከዚያ ላይ ተቀዳ። በዝናብ እሳት እንዴት እንደሚለኮስ ሳይቀር ገባበት፣ የመጋዙ ኃይል ከየት እንደሚቋረጥ ግን አንድም መስመር አልነበረውም።

እኔ የፈረቃው የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ ስለሆንኩ የሕክምናውን ክፍል ደጋግሜ አነበብኩት። ቱርኒኬት፣ ማለትም ደም ለማቆም ከቁስሉ በላይ ጠብቆ የሚታሰር ማሰሪያ፣ ካሰራችሁ በየተወሰነ ደቂቃ ፈታ አድርጉት ይላል። ድሮ የሚባለው እንደዚያ ነበር። በተለይ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ጦርነቶች ወዲህ ግን ትምህርቱ ተቀይሯል። ከእጅ ወይም ከእግር ለሕይወት የሚያሰጋ ደም ሲፈስ ቶሎ ታስራለህ፣ ደሙ እስኪቆም ታጠብቃለህ፣ ሰዓቱን ትጽፋለህ፣ ከዚያ ሐኪም እስኪረከብህ አትነካውም። በየመሃሉ ከፈታኸው የቆመው ደም እንደገና ይፈሳል። ይህን ጽፌ ለኃላፊው ሰጠሁት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ከዚያ አንድ ቀን መጋዙ የአንዱን ልጅ ክንድ ከክርኑ በታች ክፉኛ አቆሰለው። ደሙ ፊን እያለ ነበር። ከቁስሉ በላይ ሦስት ጣት ያህል ርቄ አሰርኩ፣ አጠበቅሁ፣ ቆመ። ሰዓቱን በማርከር እጁ ላይ ጻፍኩ። አምቡላንስ እየጠበቅን ሳለ ኃላፊው የታተመውን ዕቅድ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«በቃ፣ አሁን ፈታ አድርጊው።»

«አይፈታም።»

«ዕቅዱ ላይ ተጽፏል እኮ! እጁ ቢሞትበት ማን ነው የሚጠየቀው?»

«እኔ።»

ፍርሃቱ የውሸት አልነበረም፣ ለልጁ ደንግጦ ነው። እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ቢታሰር አብዛኛውን ጊዜ እጅ እንደማይጎዳ ግን ያ መጽሐፍ አልነገረውም። ደግሞ የከበደኝ የእሱ ጩኸት አልነበረም። ልጁ ራሱ በደህናው እጁ ልብሴን ይዞ «እህቴ፣ በናትሽ፣ ትንሽ ብቻ ላላ አድርጊልኝ» ሲለኝ ነው የከበደኝ። ቱርኒኬት በደንብ ሲጠብቅ በጣም ያማል። አንድ ሰው እላዬ ላይ ቆሞ «ፈታ አድርጊው» እያለ፣ ሌላው ከሥር እየለመነኝ፣ እጄን እዚያው ላይ ማቆየት ቀላል አልነበረም። «አውቃለሁ ያማል፣ ግን ደሙ ቆሟል» አልኩት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

አምቡላንስ ላይ የመጡት ባለሙያዎች መጀመሪያ የጠየቁት የታሰረበትን ሰዓት ነው። እጁ ላይ አነበቡት። ልጁ ዛሬ በዚያው እጁ ይሠራል።

እኔ እነዚህን መጻሕፍት አልጠላም፣ እንዲያውም እወዳቸዋለሁ። ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ገደማ ውሃ አስቀምጡ የሚለው ዛሬም ትክክል ነው። ውሃ ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ደግሞ ሦስት ደቂቃ አፍሉት የሚለውም እንደዚሁ። የሚያረጀው የሕክምናው ገጽ ነው። የድሮዎቹ የእባብ ንክሻን ቁረጡና መርዙን ምጠጡ ይላሉ፣ ዛሬ ይህ ጉዳት እንደሆነ ነው የሚታወቀው። ልቡ ለቆመ አዋቂ ከትንፋሽ በፊት ደረት መጫን ይቅደም የሚለው የአሜሪካ መመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ይዞ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ የኅትመቱን ዓመት ይይ፣ የሕክምናውን ገጽ በቅርብ ከሠለጠነ ሰው ጋር ይቀመጥና ያንብብ። ሥራ ቦታውንም ዞሮ ይይ፤ የኋላው በር ቁልፍ ማታ ማን ጋር እንደሚያድር የሚነግረው ጥበቃው እንጂ መጽሐፍ አይደለም።

ዕቅዱ በኋላ ተስተካከለ። ኃላፊያችን ስብሰባ ላይ «ከልምድ ተነስተን አሻሽለነዋል» አለ። የማን ልምድ እንደሆነ አላነሳም። እሱን ተውኩት። ያልተውኩት መጽሐፉን ነው፤ ቢሮው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ለአዲስ ገቢዎች «አንብቡት» እየተባለ ይሰጣል። አንድ ቀን ያን ገጽ በእስክሪብቶ ሰረዝኩትና በትልቁ «አትፍቱ!» ብዬ ጻፍኩበት። ንብረቴን አበላሸሽ ብሎ ተቆጣ። ይቆጣ።