በአንዲት ማህተም የቀረሁበት ክርስትና

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ አውሮፓ ውስጥ በርካሽ አየር መንገድ ልትበሩ ከሆነ ይህን አንብቡ። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ዛሬ የእህቴ ልጅ የክርስትና እናት እኔ ነበርኩ።

ጊዜው 2015 ዓ.ም.፣ ግንቦት ነው። እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እህቴ ሚላኖ ሴት ልጅ ወልዳለች። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው፤ ሰማንያዋ ደግሞ እሁድ ዋለ። እህቴ ገና እርጉዝ ሳለች ነበር "ክርስትና የምታነሻት አንቺ ነሽ" ያለችኝ። እማዬ የሕፃኗን ቀሚስ ከአዲስ አበባ ላከች። ሽሮ ሜዳ ያሰራችው ነጭ ቀሚስ ነው፣ ደረቱ ላይ ትንሽ መስቀል የተጠለፈበት። በሰው እጅ እኔ ጋ ደረሰ። ሚላኖ የማደርሰው እኔ ነበርኩ።

ትኬቱን በስልኬ ቆረጥኩ። መሄጃው 24 ዩሮ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት። ስም ስትሞሉ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ሙሉ፤ የአባትና የአያት ስም የቱ ጋ እንደተጻፈ እያያችሁ። በኋላ ማስተካከል ገንዘብ ያስወጣል። ሻንጣ አልገዛሁም። ያኔ በነፃ የተፈቀደልኝ 40 በ25 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ ቦርሳ ነበር፤ ቀሚሱና ነጠላዬ ገቡበት። በርበሬውን በካፖርቴ ኪሶች አከፋፈልኩት። የለበሳችሁትን ማንም አይመዝንም። ንጥር ቅቤ ግን በእጅ አትያዙ። እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጥሩት ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ ፍተሻው ላይ ሊቀሟችሁ ይችላሉ።

አውሮፕላን ማረፊያው ፍራንክፈርት-ሃን ነው። ስሙ እንዳያታልላችሁ፤ ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው የሚያደርሰው። ሚላኖ ተብሎ የሚሸጠውም ቤርጋሞ ነው፤ ከዚያም ሌላ አውቶቡስ አለ።

ለ7 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ደረስኩ። ቼክ ኢን ከቤት ጨርሻለሁ። ቦርዲንግ ፓሱን፣ ማለትም የመሳፈሪያ ወረቀቱን አትሜ፣ አራት አጥፌ ፓስፖርቴ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ጊዜ ስለተረፈኝ ቡና ገዝቼ ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩት ከአየር መንገዱ መስኮት ፊት ለፊት ነበር። አንዲት ሠራተኛ ብቻዋን ቁጭ ብላለች። አንድም ወረፋ የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ቡናዬን ስጠጣ ቆየሁ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ያንገበግበኛል።

ፍተሻው ላይ ወረፋ ነበር። ጌቱ፣ ማለትም አውሮፕላኑ መሳፈሪያ በር ጋ የደረስኩት 8 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። ሰው መግባት ጀምሯል። ተራዬ ሲደርስ ሠራተኛው ፓስፖርቴን አየ፣ ወረቀቱን ዘረጋ፣ ገለበጠው።

"ማህተሙ የታለ?"

"የምን ማህተም?"

በጣቱ አሳየኝ። ወረቀቱ ላይ ባዶ ሳጥን አለ። አጠገቡ በደቃቅ ፊደል፣ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነ መንገደኛ ከፍተሻ በፊት ሰነዱን መስኮት ላይ አሳይቶ ማህተም ማስመታት አለበት ይላል። እጥፋቱ ልክ በጽሑፉ ላይ አልፏል። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ካርዴን አወጣሁ። ቀኑ አላለፈበትም፣ ፎቶዬ አለበት፣ ስሜ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ነው። "ይኸው እኮ፣ እርስዎ ይዩት" አልኩት። እሱ ማየት እንደማይችል፣ ማየት ያለበት መስኮቱ እንደሆነ ነገረኝ። "ሮጠሽ ተመለሺ" አለኝ።

ሮጥኩ። በመጣሁበት መንገድ አያስወጡም፤ በሌላ በር፣ በኮሪደር ዞሬ ወጣሁ። መስኮቱ ጋ ስደርስ 8 ሰዓት ከ27 ሆኗል። ሴትዮዋ አለች። ማህተሙም አለ፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ክዳኑ ከተከፈተ የቀለም ሳጥን አጠገብ። ወረቀቱን፣ ፓስፖርቱን፣ ካርዱን አንድ ላይ ዘረጋሁላት።

"ተዘግቷል" አለችኝ። መስኮቱ የሚዘጋው ከበረራው 40 ደቂቃ በፊት ነው። ሰባት ደቂቃ አልፎኛል። ጌቱ ግን የሚዘጋው 20 ደቂቃ ሲቀረው ስለሆነ ገና 13 ደቂቃ አለኝ። ለመንኳት። ቀሚሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋት። "ነገ ክርስትና ነው፣ የማነሳት እኔ ነኝ" አልኳት። ኃላፊዋን ጠራች። እሱም ሰዓቱን አይቶ ያንኑ ደገመልኝ። ማህተሙ ከእጁ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ሴትዮዋ የቀለሙን ሳጥን ክዳን ገጥማ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ደንቡን አውቀዋለሁ። ሰነድ የሌለው ሰው ይዞ የሚገባ አየር መንገድ ሊቀጣ ይችላል። ግን ጀርመንም ጣሊያንም ሼንገን ውስጥ ናቸው፤ በመካከላቸው መደበኛ የድንበር ፍተሻ የሌላቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ ነው። በሁለቱ መካከል ስበር ፖሊስ እንኳ በመደበኛነት ፓስፖርት አያይም። ዜግነቴን ትኬት ስቆርጥ ሞልቻለሁ። ሥርዓቱ ኢትዮጵያዊት መሆኔን ያውቃል። ታዲያ የመቀመጫ ማስታወቂያ አራት ጊዜ በኢሜይል ሲልኩልኝ፣ "ማህተም አስመቺ" የሚል አንድ መስመር ለምን አልላኩልኝም? ጀርመናዊ ይህን ሳጥን በሕይወቱ አያየውም። ይህ ግድየለሽነት ነው፤ የሚያርፈውም እኛ ላይ ነው።

ቀጣዩ በረራ ሰኞ ነበር። ወደ ፍራንክፈርት ተመልሼ የሌሊት አውቶቡስ ያዝኩ፤ 89 ዩሮ። በስዊዘርላንድ በኩል ሌሊቱን ሙሉ ነዳን። እህቴ ስትደውል "እየመጣሁ ነው" እላታለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ደውላ "እታለም፣ አባ ጀምረዋል" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ሚላኖ፣ ላምፑኛኖ መናኸሪያ የደረስኩት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ልጅቷ ተጠምቃ፣ ሜሮን ተቀብታ፣ ማዕተቧን አስራ ተኝታለች። ያነሳቻት የእህቴ ጎረቤት ናት። ደግ ሴት ናት፤ ጠዋት ከእንቅልፏ ተጠርታ ነው የመጣችው። ልጅቷ የለበሰችው የጎረቤቷን ልጅ ቀሚስ ነበር፤ እጅጌው ሁለቴ ታጥፏል። የእማዬ ቀሚስ ከበርበሬ ሽታ ጋር እኔ ጋ ነበር።

ቤቴ ስመለስ አቤቱታ ጻፍኩ። ሰዎች "ካሳ አለሽ" ብለውኝ ነበር። የአውሮፓ ሕግ ቁጥር 261/2004 እስከ 1500 ኪሎ ሜትር ላለ በረራ 250 ዩሮ ካሳ ያዛል፤ እውነት ነው። ግን ሰነድ ጎድሎ የተከለከለን ሰው አይጨምርም። መልሱ በሦስት መስመር መጣ። እናንተ በዚህ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

ኩባንያዎቹ ኦንላይን ቼክ ኢን ያደረገ ሰው ቀጥታ ወደ ፍተሻ ይሂድ ይላሉ። ለእኛ አይሠራም። መጀመሪያ መስኮቱን ፈልጉ፤ ማህተም አያስፈልግም ቢሏችሁ እንኳ ጠይቃችሁ እለፉ። ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይበቃል ቢሉም እኔ ሦስት እላለሁ። ቡና ከማህተም በኋላ። የታተመ ወረቀት ከያዛችሁ አትጠፉት። ቀን የማይገፋ ነገር ካላችሁ፣ ክርስትናም ይሁን ቀብር፣ በዋዜማው በርካሽ አየር መንገድ አትሂዱ። ዋጋው ቢወደድም ሐሙስ ሂዱ።

አንድ የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። በብዙ መደበኛ አየር መንገዶች መሄጃው ካመለጣችሁ መመለሻውንም ይሰርዙታል። እነዚህ ግን እያንዳንዱን ጉዞ ለብቻው ስለሚሸጡ መመለሻዬ አልተነካም። ማክሰኞ ቤርጋሞ በረራው ሦስት ሰዓት ተኩል ሲቀረው ደረስኩ። መስኮቱ እስኪከፈት ቆሜ ጠበቅኩ። አንድ ወጣት መጥቶ ተቀመጠ። ፓስፖርቱን ገለጥ አደረገ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ጀርባውን እንኳ አላየም። ማህተሙን መታ፣ ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝና ከኋላዬ የቆመውን ሰው ጠራ።