አህያዋ ቀድማኝ ተፈታች

የከፈልኩት ካሳ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ገንዘብ ይመጣል፣ ይሄዳል። እኔን በሌሊት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የሽምግልናው ቅደም ተከተል ነው።

ለጥር ሠርግ የጥሪ ካርድ ላይ የሚወጣ ፎቶ ላነሳቸው የተዋዋልኳቸው እጮኛሞች «አደይ አበባ ውስጥ ካልሆነ አይሆንም» አሉ። መስከረም መገባደጃ ላይ ነን። ከባሕር ዳር ወጣ ብለን በዳንግላ መንገድ ስንጓዝ፣ ከአስፋልቱ እስከ ጋራው ሥር ያለው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ጠበቀን። መኪናውን አቆምኩ፤ ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብሰብ አደረገች፣ ሙሽራው ከረባቱን አስተካከለ፣ ረዳቴ የብርሃን መመለሻውን ተሸከመ፣ ገባን። አንድ እረኛ ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየናል። ምንም አላለም። ቢናገር ምን ነበረበት?

ፎቶ አንሺ ሥራ ላይ ሲሆን ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት እንደማይሄድ የሙያ ባልደረቦቼ ይመሰክሩልኛል። ዓይኔን ካሜራው ላይ ተክዬ «ፈገግ... እንደሱ... እጇን ያዛት» እያልኩ ወደ ኋላ ስል ጀርባዬ ከአንድ በትር ጋር ተጋጨ። በትሩን የያዙት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

አልጮሁም። ቢጮሁ እንዴት በቀለለኝ! «እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ?» አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልን። «አገሩ ሰላም ነው? ሰዉ? ከብቱ?» ሁሉም ደህና መሆኑን አረጋገጥንላቸው። ሰላምታው በወጉ ካለቀ በኋላ ነው «ኑጌ ምን በደላችሁ?» ያሉት።

ኑግ! እስቲ ፍረዱኝ። ያም ቢጫ፣ ይህም ቢጫ። ያም በመስከረም፣ ይህም በመስከረም። አንዱ እግዜር የዘራው፣ ሌላው ተወቅጦና ተጨምቆ ዘይት የሚሆን መሆኑን ከመኪና መስኮት ማን ይለያል?

«እማማ፣ አጥር የለውም እኮ» አልኩ።

«አጥሩ ላይ ነው የቆምከው» አሉኝ።

ለካ ኑጉ በጤፉ ዙሪያ የተዘራው ከብት ስለማይወደው ነው። በሬው አሽትቶ ይመለሳል፤ ጤፉም ይተርፋል። «ከብት እንኳ አይገባበትም» ብለው ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ ይዞ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ቀለሙ የተላጠ ግንብ፣ የተዘጋ የብረት በር፣ ማንም ቢከፈለው እንኳ ፎቶ የማያነሳው ጀርባ ያለ ሕንጻ ሁሉ «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» ይላል። ካሜራህን ከቦርሳህ ሳታወጣ ጥበቃው ከዳስ ውስጥ ብድግ ይላል። የሆቴል አትክልት ቦታ ደግሞ ለአንድ የጽጌረዳ ጥግ በር ላይ ያስከፍላል፤ ከፍለንም እናመሰግናለን። መነሳት የሚገባው ነገር ያለበት ቦታ ግን አንድ ቁራጭ ማስታወቂያ እንኳ የለውም!

ሙሽራው የሕግ ምሩቅ ነው። «መሬት እኮ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40» አለ። እኔም ሕዝብ ነኝና ደረቴን ነፋሁ። እማማ «መሬቱ የመንግሥት ነው። ኑጉ ግን የእኔ ነው» አሉ። ሙሽራው ጥቂት አሰበና «ትክክል ናቸው» አለኝ። ለዚህ ነው የተማረው?

እማማ ትሪፖዴን፣ የካሜራዬን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ አነሱ። ሰብል ውስጥ የተገኘ ከብት ባለቤቱ ካሳ እስኪከፍል ይያዛል፤ ይህ የኖረ ወግ ነው። ሙሽራው ሳይጠየቅ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ባለይዞታው ጉዳት ያደረሰበትን የሌላ ሰው እንስሳ ለካሳው መያዣ እንዲያደርግ እንደሚፈቅድ አከለበት።

«ትሪፖድ እንስሳ ነው እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

«እግር አለው» አሉ እማማ።

ዋንዛው ሥር ወሰዱት። እዚያ ከጠዋት ጀምሮ ጤፍ ውስጥ የተያዘች አንዲት አህያ ታስራ ቆማለች። ትሪፖዴን ከጎኗ አቁመው እንዳይሸሽ እግሩን ከእግሩ በገመድ ጠፈሩት። ያ እረኛ ልጅ ያን ጊዜ ከድንጋዩ ወርዶ የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረ፦ «ይራገጣል?» ከዚያም አንድ እፍኝ ሣር አምጥቶ ከፊቱ አስቀመጠለት። አህያዋ አንገቷን ዘርግታ የትሪፖዴን ድርሻ በላች።

ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ ቆመ። «የማን ነው?» «የዚያ ባለ መነጽር።» «ምን ያህል አጠፋ?» አንድ ሽማግሌ ጉልበቱን ሲዳስሱ መቆለፊያው ተላቀቀና አንደኛው እግር በአንዴ ክንድ ያህል ረዘመ። ሰዉ ሁሉ አፈገፈገ። አህያዋ እንኳ ጆሮዋን አቆመች። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ትሪፖዴን የሚጠጋው ጠፋ፤ ገመዱም ተጨመረለት።

ገማቾቹ ሽማግሌዎች ኑጉን ዞሩ። ዱካ ማንበብ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። «ይህ እሱ ወደ ኋላ የሄደበት ነው። ይህ የከብቱ ሦስት እግር ነው። እዚህ ጋ ደግሞ ፍየል ገብታለች።» ፍየሏ ሙሽሪት ነበረች፤ ባለ ተረከዝ ጫማዋ ነው። ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ አላናገረችኝም። ረዳቴ «እኔ መብራት ብቻ ነው የያዝኩት» ቢል «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ተብሎ ዝም አለ።

የአህያዋ ባለቤት በዚህ መሐል ደረሰ። ጎንበስ ብሎ «ይቅር በሉኝ» አለ። ልብ በሉ፣ እሷ ጤፍ በልታለች! እኔ አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም! ሽማግሌዎቹ ተያዩና «ጎረቤት ነው፤ እሷም አእምሮ የላት» አሉ። ተፈታች። በአጠገቤ ስታልፍ ዞር ብላ አየችኝ፤ ይህን አልፈጠርኩትም።

«እኔስ?» አልኩ።

«አንተማ የተማርክ ነህ» አሉኝ። ካሳው በኑግ ጣሳ ተሰፍሮ በገንዘብ ተተመነ።

ስከፍል «ቢያንስ የእርስዎ መሬት መሆኑን በምን ላውቅ ነበር?» ብዬ አጉረመረምኩ። እማማ ቤት ገብተው የይዞታ ደብተራቸውን አመጡ። ውስጡ ከባለቤታቸው ጋር የተነሱት ፎቶ ተለጥፏል። ጣታቸውን ምስሉ ላይ አሳርፈው «ይህን ያነሳን ልጅ መጀመሪያ ቤት መጥቶ አስፈቅዶን ነው። ነጠላዬንም አስተካክይ ብሎኛል» አሉ።

ማታ ስልኬን ስከፍት፣ ሙሽራው እኔን ከአህያዋና ከታሰረው ትሪፖድ መሐል ቆሜ ስከራከር አንስቶኝ ኖሯል፤ ከማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ እየተላከልኝ ነው። ደወልኩለት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣትን እንደሚከለክል ነገርኩት።

«አደባባይ አላወጣሁትም፤ ለሚዜዎቼ ብቻ ነው የላክሁት» አለኝ። ቀሪውን ክፍያዬን ግን እስካሁን አልላከም።