የራሱ አባት

ነገሩ ሃያ ዓመት አልፎታል። አሁንም ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል።

በፈረንጆቹ 2004 ሴንት ፖል ውስጥ ስደተኛ የሚቀበል ቢሮ ኬዝ ወርከር፣ ማለትም ጉዳይ ተከታታይ፣ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ታይላንድ ካለው የዋት ታም ክራቦክ ገዳም ሞንግ የሚባሉ የላኦስ ሰዎች በገፍ መምጣት ጀመሩ። ላኦስ ውስጥ ከሲአይኤ ጋር ተሰልፈው የተዋጉ፣ ከ1975 በኋላ የሜኮንግን ወንዝ ተሻግረው የሸሹ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ወደ 15 ሺህ የሚጠጉት አሜሪካ ገቡ፤ በርካቶቹ እኛው ጋ፣ ሚኒሶታ።

አንድ ቤተሰብ እኔ እጅ ላይ ወደቀ። ባል፣ ሚስት፣ ስድስት ልጆች፣ የባል እናት። ባልየው ሾንግ፣ ሚስትየዋ ቫንግ፣ አሮጊቷ ያንግ። ሱፐርቫይዘራችን ፋይሉን ስታገላብጥ ቆየችና «ይሄ ስህተት ነው» ብላ ቫንግን በእስክሪብቶ ሰረዘች። ከላዩ ሾንግ ጻፈችበት።

ደሜ ፈላ። ለእኔ የግል ጉዳይ ነው። ባለቤቴን ክሊኒክ በወሰድኳት ቁጥር በእኔ አባት ስም ነው የሚጠሯት። አንድም ቀን «አቤት» ብላ አታውቅም፤ ተራዋ እያለፈ ስንት ሰዓት ተገትረናል። እናም ስብከት ጀመርኩ።

«ሴት ስላገባች አባቷን አትቀይርም! እኛ አገር ባልና ሚስት አንድ የአባት ስም ካላቸው እህትና ወንድም ናቸው!»

አስተርጓሚያችን በልጅነቷ የመጣች ሞንግ ናት። የእኛ ደግሞ ይብሳል አለች። ሾንግም ቫንግም የጎሳ ስም ነው፤ የአንድ ጎሳ ልጆች አይጋቡም። «ሾንግ ካላችኋት ከወንድሟ ስድስት ልጅ ወለደች ማለት ነው።»

ሱፐርቫይዘሬ ፊቷ ቀላ። ዝም ብላ ቫንግን መልሳ ጻፈች። ይቅርታ ማለት ብዙም አይሆንላትም። እኔ ግን ምሳዬን እንዴት አጣጥሜ እንደበላሁ!

ከሰዓት የሶሻል ሴኩሪቲውን ፎርም ልሞላ ተቀመጥኩ። አስተርጓሚዋ ሌላ ቤተሰብ ይዛለች። የባልየው ስም ሦስት ቃል ነው፤ መጨረሻው ሾንግ። «የአባት ስም» የሚል መስመር ላይ ደረስኩ። ለሐበሻ ይሄ ምን ጥያቄ አለው? የመጀመሪያው የራሱ፣ ሁለተኛው የአባቱ። ሁለተኛውን ቃል ጽፌ ሾንግን አስከተልኩበት። ባልየው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። በምልክትም ቢሆን መጠየቅ ይቻል ነበር። ግን እንደ እኛ አይደሉ እንዴ?

አስተርጓሚዋ ስትመለስ ፎርሙን እያነበበች ታረጋግጥላቸው ጀመር። አባት ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ ማነው?»

«አባቱ ነዋ።»

«ራሱ ነው።»

ለካ ሁለተኛው ቃል የገዛ ስሙ ነው። ፊት ያለው ደግሞ የጎልማሳ ስሙ። ሞንግ አግብቶ ልጅ ሲወልድ የሚስቱ ወላጆች ድግስ ተደግሶ አንድ ስም ይጨምሩለታል፤ ያ ስም ከልጅነት ስሙ ይቀድማል። ለሙሽራ ስም የምታወጣ አማት ያለን ሰዎች ይሄ እንዴት ይጠፋኛል? ሰውየውን የራሱ አባት አድርጌው ቁጭ አልኩ።

አስተርጓሚዋ ተረጎመችላቸው። ባልየው በጨዋነት አንገቱን ደፋ። አሮጊቷ ግን አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«‹ታዲያ እኔ የማን ሚስት ልሆን ነው?› ነው የሚሉት።»

ሱፐርቫይዘሬ ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ቆይታ ተነሳችና ባዶ ፎርም አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። አንድ ሳይሆን ሁለት። ያቺ ሁለተኛዋ ፎርም እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

«እንደ እኛ ናቸው» የሚለውን ነገር ሁለተኛ ላልል የዚያን ቀን ማልኩ።

ከወር በኋላ ቤተሰቡ ቤታቸው ጠሩን። የተቀቀለ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ሩዝ። ሽማግሌዎች እየመረቁ የእያንዳንዳችንን እጅ አንጓ በነጭ ክር አሰሩ። ነፍስ ከአካል እንዳትርቅ ነው አሉን። የእኔን ያሰሩልኝ አሮጊቷ ናቸው፤ አሁንም ሳያቸው ከንፈራቸው ይስቃል። ሱፐርቫይዘሬ ክሯን እያሻሸች ወደ እኔ ዞረች።

«እናንተም እንዲህ ያለ ነገር አላችሁ አይደል?»

«የለንም» አልኳት። ማተቤ እንዳይታይ የሸሚዜን የላይኛውን ቁልፍ ቀስ ብዬ ቆለፍኩ።