ስትራት ወይስ ሌስ ፖል? የሱቁን አምፕ አትመኑ

ውድ ጊታር ልትገዙ ካሰባችሁ የራሳችሁን አምፕ (የድምፅ ማጉያ)፣ ክርና ማንገቻ ይዛችሁ ሂዱ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ያን ሁሉ ባልተቃጠልኩ።

ሐዋሳ ውስጥ በሐይቁ ዳር ሆቴሎችና በሠርግ ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። ያጠራቀምኩት ብር ለአንድ ደህና ጊታር ሲደርስ ምርጫዬ ሁለት ላይ ቀረ። አንዱ አሜሪካ የተሠራ ፌንደር ስትራቶካስተር ነው፤ ሌላው ጊብሰን ሌስ ፖል። ስትራቱ ከውጭ በተመለሰ የሐዋሳ ልጅ እጅ ነበር። እሱን መሞከር አልከበደም። ቤቱ ሄድኩ፣ አምፔን ሰካሁ፣ ልጁ ቡና አስፈልቶ እስኪበቃኝ ተወኝ።

ሌስ ፖሉ ግን አዲስ አበባ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ነው። አምፑን አውቶቡስ ላይ መጫን ስለከበደኝ ክርና ማንገቻ ብቻ ይዤ ሄድኩ። ጊታሩን ከግድግዳው አወረዱልኝ። ክሩ ዝጓል። ከፍሬቱም፣ አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ በጣም ርቋል። ሻጩ ትልቅ አምፕ ላይ ሰካውና ድምፁን የሚያሻክረውን ዲስቶርሽን ለቀቀው፤ የሚያስተጋባውን ሪቨርብ ደረበበት። በዚያ ድምፅ የትኛውም ጊታር ያምራል! «ወንድሜ፣ ንጹህ ድምፅ አድርግልኝ» አልኩት።

«ደንበኛ የሚወደው ይሄንን ነው» አለኝ።

ክሩን በራሴ ወጪ ልቀይረው አልኩ። «ከፋብሪካ የመጣ ነው፣ አይነካም።» ማንገቻዬን አውጥቼ ቆሜ ልሞክር ስል «ይጫራል» ብሎ ከለከለኝ። አራት ኪሎ አካባቢ የሚመዝን ዕቃ ሠርግ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ትከሻዬ ላይ ሊያድር ነው፤ ተቀምጬ ምኑን አውቃለሁ? መጨረሻ ላይ «ቀብድ አስይዝና እንደፈለግክ አድርገው» አይለኝም? ቀብድ ሰጥቶ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ገንዘቡን እንደሚያጣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ አለ። ለመሞከር ብቻ ቀብድ አይሰጥም፤ አልሰጠሁም። ቢያንስ አምፑን አጥፋልኝ ብዬ ለመንኩት። እያጉረመረመ አጠፋው።

ደግነቱ ያ ጠቀመኝ። ጊታሩ ሳይሰካ አንገቱን በእጄ አወቅኩት፤ ወፈር ያለ፣ መዳፍ የሚሞላ። ክር ስስብ ግን ጣቴን አቃጠለኝ። የሌስ ፖል የክር ርዝመት 628 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የስትራት 648። አንድ ዓይነት ክር ከታሰረባቸው ሌስ ፖሉ ነው መላላት ያለበት። ስለዚህ የከበደኝ ጊታሩ አልነበረም። የዛገውና ያለልክ ከፍ ያለው ክር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «ሌስ ፖል ለእጄ አይሆንም» ብሎ ይመለሳል፤ ሱቁም ገዢ ያጣል። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ሻጮች እንጨቱ ነው ድምፁን የሚሰጠው ይላሉ። እኔ መጀመሪያ የማየው ፒክአፑን ነው፤ ከክሩ ስር ሆኖ ንዝረቱን ወደ አምፑ የሚልከውን ማግኔትና የሽቦ ጥቅል። የስትራቱ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ) ሲመቱት ጥርት ብሎ ይወጣና ቶሎ ይቆማል፤ እንደ ክራር። ለፈጣን አንቺሆዬ እሱን የሚያህል የለም። የሌስ ፖሉ ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ድምፁን ወፈር አድርጎ ያስረዝማል። ሲንግል ኮይል ግን የመብራቱን 50 ኸርዝ እየሳበ ያጉረመርማል፤ የሆቴሎቹ ባለቀለም መብራት ሲበራ ደግሞ ይብስበታል። ሃምበከር የተሠራው ይህንኑ ለማጥፋት ነው። በብዙዎቹ አዳዲስ ስትራቶች የመሃሉ ፒክአፕ በተቃራኒ የተጠመጠመ ስለሆነ የፒክአፕ መምረጫ ማዞሪያውን ሁለተኛው ወይም አራተኛው ቦታ ላይ ስታደርጉት፣ ማለትም የመሃሉ ከጎኑ ካለው ጋር አብሮ ሲሠራ፣ ጉርምርምታው ይጠፋል። የኔም እንደዚያ ነው፤ መድረክ ላይ ከነዚያ ሁለቱ ብዙም አልወጣም።

ስትራቱን ገዛሁ። የወሰነልኝ ግን ድምፁ ብቻ አይደለም፤ ባጃጅም አለበት። የጊብሰን ራስ ወደኋላ ያዘነበለ ነው፤ ሲወድቅ አንገቱ ላይ መሰበሩ የታወቀ ነው። የስትራት አንገት በብሎን የታሰረ ስለሆነ ቢሰበር ሌላ ይገጠምለታል። ሌሊት ከሠርግ በባጃጅ ለሚመለስ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የፌንደር መመሪያ 17ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ 1.6 ሚሊ ሜትር ይሁን ይላል። እኔ ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጌዋለሁ። ትዝታ ስጫወት ክሩን ብዙ እስባለሁ፤ ዝቅ ካለ ጣቴ ስር ያንሸራትተኛል። መመሪያው የኛን ቅኝት አስቦ አልተጻፈም።

ዝግ ያለ ትዝታ ላይ ግን፣ ድምፁ ቶሎ ሲሞትብኝ፣ አሁንም ያ ሌስ ፖል ያምረኛል።