ልጆቹ ራሳቸው ያዘጋጁት የስፖርት ቀን

እዚህ ድሬዳዋ፣ የሰፈራችን ታዳጊዎች የስፖርት ቀን እናዘጋጅ ብለው ሲመጡ አንድ ነገር ወሰንኩ። ሐሳቡም ሥራውም የእነሱ ይሁን። እኔ ደብዳቤ በሚያስፈልግበት፣ ትልቅ ሰው ካልሄደ በር በማይከፈትበት ቦታ ልገኝላቸው።

መጀመሪያ ሁሉም ያሰቡት እግር ኳስ ነው። ድሬ ነዋ! አልተቃወምኩም። "ማን ቆሞ ይቀራል?" ብዬ ብቻ ጠየቅኩ። አንዷ ልጅ ቀበል አድርጋ "አቦ! ኳስ ብቻ ከሆነማ የእኛ ሥራ ማጨብጨብ ነው" አለች። ከዚያ ወሬው ሌላ መልክ ያዘ። ሱዚ መጣ፣ ገመድ ዝላይ መጣ፣ ገመድ ጉተታና የዱላ ቅብብል ተጨመረ። ኳሱም አልቀረም፤ ግን ሴትና ወንድ በተቀላቀለበት ቡድን።

ይሄ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ያድርጉ ይላል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የድርጅቱ ጥናት ግን ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ሴቶች 85 በመቶ፣ ከወንዶቹ 78 በመቶ የሚሆኑት እዚህ ልክ እንደማይደርሱ አሳይቷል። ሴቶቹን ተመልካች የሚያደርግ ቀን ማዘጋጀት ክፍተቱን ማስፋት ነው።

ሰዓቱ ብዙ አከራከረ። ድሬ ላይ ከረፋዱ በኋላ ፀሐይዋ አታስቆምም። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምረን 3 ሰዓት ላይ እንጨርስ ተባለ። "ማን ይነሳል?" ላሉት መፍትሔው ሲያልቅ በጋራ ፉል መብላት ሆነ። ሠራ!

እኔ "አይሆንም" ያልኩት ስለ ቦታው ነው። በከተማው መሃል በሚያልፈው ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ እናድርገው አሉ። አሸዋው ሰፊ ነው፣ ክፍያም የለውም። ግን ደቻቱ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል፣ ከላይ ደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ ይሞላል። የ1998ቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ሌሊት ላይ መጥቶ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ያኔ አልተወለዱም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። ምክንያቱ ሲገባቸው የትምህርት ቤት ሜዳ ፍለጋ የወጡት እነሱ ናቸው። ወጣቶች ይምሩት ማለት ትልቅ ሰው አፉን ይዝጋ ማለት አይደለም። ለአደጋ ሲሆን ተናገሩ፣ ለምን እንደሆነም አስረዱ። ለቲሸርት ቀለም ሲሆን ተዉት።

ሜዳው የወላጆች ፈቃድ በጽሑፍ ሲቀርብ ተገኘ። ውሃ በጀሪካን ከየቤቱ መጣ። አንዲት የሰፈር ነርስ አስተባባሪዎቹን አስተማረቻቸው፦ ሳይጠማችሁ ጠጡ፣ ራሱን ያዞረውን ወደ ጥላ ውሰዱ፣ በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዙት። ማስታወቂያውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ መናገር የልጆቹ ሐሳብ ነው። እኔ አስቤውም አላውቅ። ኳስ ለመጫወት መጥተው የማያውቁ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ብቅ ያሉት በዚህ ይመስለኛል።

ከስፖርት ቀኑ በኋላ ልጆቹ ተሰብስበው ገመገሙ። ገመድ ጉተታው ተራ በመጠበቅ ብዙ ሰዓት በላ፤ ሱዚው ደግሞ ቦታ ጠበበው። ለቀጣዩ ሳቢያን ሰፈር ያሉ ጓደኞቻቸውን ሊጨምሩ ተስማምተዋል። የሜዳውን ደብዳቤ ራሳቸው ጽፈው ጨርሰዋል፣ ለማስገባት አብሬያቸው እሄዳለሁ።