ማንም ያልነደፋቸው ግሪኖች

ስኮትላንድ የሄድኩት ግሪን ለማየት ነው። ግሪን የሚባለው ጉድጓዱና ባንዲራው ያሉበት፣ ሣሩ ዝቅ ብሎ የታጨደው የጎልፍ ሜዳ ክፍል ነው።

ሴንት አንድሩስ ከተማ ያለው ኦልድ ኮርስ የሚባለው የጎልፍ ሜዳ እሁድ እሁድ ጨዋታ የለውም። የከተማው ሰው ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል። እኔም ግሪኖቹን ዳር ዳራቸውን ይዤ ዞርኳቸው። ጉብታውንና ስርጓዳውን በወረቀት ላይ የነደፈው የለም። ባሕር የተወው አሸዋ ነው፤ ነፋስ ቆለለው፣ በግ ጋጠው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጫዋች ሲበዛ ግሪኖቹን አሰፏቸው፤ በአንዱ ላይ ሁለት ጉድጓድ ቆፈሩ። ሲሰፉ በዙሪያው ያለውን ወጣ ገባ ሁሉ ይዘው ገቡ። ዛሬ ባለ ሁለት ጉድጓድ ግሪኖች 7 ናቸው፤ ጉድጓዶቹ ከ1 እስከ 18 ተራ ቁጥር አላቸው፣ በአንድ ግሪን ላይ ያሉት የሁለቱ ተራ ቁጥር ሲደመር ሁሌም 18 ነው።

የ18ኛው ጉድጓድ ግሪን ግን የሰው እጅ ሥራ ነው። የሜዳው ጠባቂ የነበረው ኦልድ ቶም ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የሠራው ነው። ከፊቱ የኃጢአት ሸለቆ የሚሉት ስርጓዳ አለ። እዚያ ወርጄ ቁጢጥ ስል የባንዲራው እግር ተሰወረብኝ።

11ኛው ላይ ግን አዘንኩ። ከኋላ ወደ ፊት በኃይል ያዘቀዝቃል። ድሮ ሣሩ ረዘም ስለሚል ኳሷ ቀስ ትል ነበር፤ በዛሬ ማጨጃ ግን አትቆምም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2012 ከኋላ በግራ ያለውን ዝቅ አደረጉት። እኔ ብሆን ሣሩን ነበር የማስረዝመው።

ከኤዲንብራ በባቡር ወደ ኖርዝ በርዊክ የጎልፍ ሜዳም ሄድኩ። 15ኛው ጉድጓድ ሬዳን ይባላል፤ ግሪኑ ከተጫዋቹ እየሸሸ ወደ ግራ ያዘቀዝቃል። በወጣትነቱ ሴንት አንድሩስ የተማረው አሜሪካዊው የጎልፍ ሜዳ ነዳፊ ቻርልስ ብሌር ማክዶናልድ የዚህን ቅርጽ ወስዶ አሜሪካ ሎንግ አይላንድ ላይ ናሽናል ጎልፍ ሊንክስ በሚባለው ሜዳ 4ኛ ጉድጓድ ሠራው። ተፈጥሮ የሰጠችው ተዳፋት እንዲህ በአካፋ የሚሠራ ሆነ። 16ኛው ደግሞ ይብሳል፦ ሁለት ከፍታዎች፣ መሐላቸው ጥልቅ ቦይ። ኳስህ በተሳሳተው በኩል ካረፈች አለቀልህ።

ጊዜ ካጠራችሁ ኦልድ ኮርስ አጠገብ ያለውን ሂማላያስ እዩ። እ.ኤ.አ. በ1867 ለሴቶች የተመሠረተ ክለብ ሜዳ ነው፤ ኳሷን በሣሩ ላይ ወደ ጉድጓድ ማንከባለል ብቻ ነው ጨዋታው። ያኔ ሴት ዱላ ከትከሻዋ በላይ ብታነሳ ነውር ነበር። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ጉብታ ነው፤ ትንሽ ከፍሎ ማንም ይጫወታል፣ ሕፃን ሳይቀር።