የመምህሩ ወገብና ባለ ሞላው ዘንግ

ባሕር ዳር ውስጥ ወገቡን ያመመው ብስክሌተኛ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ ቀጥሎ እኛ ብስክሌት ጠጋኞቹ ዘንድ ይመጣል። ሐኪሙ «ብስክሌቱን ተወው» ይለዋል። እኛ ደግሞ እንዳይተወው የምንችለውን እናደርጋለን፤ እንጀራችንም ስለሆነ።

መምህሩ የመጡትም በዚሁ መንገድ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ናቸው። ሃምሳን ተሻግረዋል፤ አጠር ብለው ደልደል ያሉ ሰው ናቸው። ብስክሌታቸው አካሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ 26 ኢንች ጎማ ያለው ማውንቴን ነው። የፊት ሹካው ሞላ አለው፤ ከኋላ ግን ምንም የሚያለዝበው ነገር የለም፤ ሃርድቴይል የሚባለው ዓይነት ነው። አስፋልቱ ላይ፣ ከዘንባባዎቹ ሥር ሲነዱት ምንም አይልም። ችግሩ ከቤታቸው እስከ አስፋልቱ ያለው ኮብልስቶን ነው። ሲነጠፍ ደልዳላ የነበረው ድንጋይ ዝናብና ባጃጅ ሲፈራረቁበት አንዱ ሰምጦ አንዱ ጎልቶ ቀርቷል። እጃቸውን የፊቱ ሹካ ያድንላቸዋል፤ የኋላው ጎማ የነካውን ድንጋይ ሁሉ ግን ኮርቻው ሳይቀንስ ለወገባቸው ያደርሳል።

ሱቅ እንደገቡ ስልካቸውን አውጥተው ሦስት ፎቶግራፎች አሳዩን። ቨርጂኒያ የምትኖረው ታናሽ እህታቸው የላከችላቸው ናቸው። «ወንድም ጋሼ፣ የቱን ልግዛልህ? ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ» ብላቸዋለች። ሦስቱም ባለ ሞላ የኮርቻ ዘንጎች፣ ማለትም ኮርቻውን የሚሸከሙ ዘንጎች ናቸው፤ በተለመደው ዘንግ ቦታ ገብተው ኮርቻውን ከድንጋዩ ምት የሚያስታግሱ። የመጀመሪያው ቱቦ በቱቦ ውስጥ የሚገባበት ርካሹ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ሰንቱር የሚባለው ኩባንያ ሥራ ሲሆን ኮርቻው 50 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ሦስተኛው ተድበስተር የሚባለው ነው፤ እህትየው የመረጠችው ረጅሙን ስለሆነ 90 ሚሊ ሜትር ድረስ ይወርዳል።

መምህሩ ልባቸው ሦስተኛው ላይ ነበር። «ዘጠና ከሃምሳ ይበልጣል፤ ይህ ክርክር የለውም» አሉ።

ረዳታችንም ወዲያው ተስማማ። ገና ሙያውን እየተማረ ያለ ልጅ ነው፤ አዲስ ዕቃ ሲያይ ዓይኑ ይበራል። አለቃችን ግን ስልኩን አላዩትም። ጎንበስ ብለው የኋላውን ጎማ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ጣታቸው ቅንጣት አልሰመጠም።

«መምህር፣ ይህን ማን ነፋልዎት?»

«ጎሚስታው ነዋ። ‹ጠንከር አድርግልኝ› ብዬው።»

የነፋስ ግፊት መለኪያውን ሰኩበት፤ 65 ፒ ኤስ አይ አሳየ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥርም ይኸው ነበር። አለቃችን በዚህ ጉዳይ ላይ ትዕግሥታቸው አጭር ነው። ጎማ ላይ የሚታተመው ቁጥር ማለፍ የሌለበት ጣሪያ ነው፤ መኪና ጎማ የለመደ ጎሚስታ ግን እንደ ትእዛዝ ያነብበዋል። የኋላውን ወደ 40፣ የፊቱን ወደ 35 አወረዱትና «እስቲ ጀርባ ያለውን ኮብልስቶን ዞረው ይምጡ» ብለው ላኳቸው።

መምህሩ ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ሁለት ነገር ይነበብ ነበር፤ ደስታና ጥርጣሬ። «እንዲህ ከሆነ ታዲያ ዘንጉ ለምን ያስፈልገኛል? ነገሩ ነፋስ ብቻ ነበር ማለት ነው?»

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ብዙ ደንበኛ ሳይጠይቀው ገንዘቡን ያወጣል። ለስለስ ያለ ጎማ የሚውጠው ትንንሹን ተከታታይ ንዝረት ነው። ትልቁን ጉድጓድና መንገዱን የሚያቋርጠውን የጎርፍ መውረጃ ለመዋጥ ብለው ነፋሱን ከዚያ በታች ካወረዱት ደግሞ ካላማዳሪያው በቸርኬውና በድንጋዩ መሐል ተቆንጥጦ ይፈነዳል። ባለ ሞላው ዘንግ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ ያውም ለተቀመጠ ሰው ብቻ። ፔዳሉ ላይ ቆሞ ለሚነዳ አይጠቅምም፤ ለእጅም ምንም አይፈይድም። መምህሩ ወገባቸው ቶሎ ቶሎ መነሣት ስለማይፈቅድላቸው ዘንጉ ይገባቸዋል አልን።

የቱ ዘንግ የሚለው ግን ቁጭ ብሎ በፎቶ የሚመረጥ አልነበረም። አሮጌውን ዘንግ መዝዘን አወጣነው። መምህሩ ቀደም ብለው በባትሪ አብርተው «27.2» የሚል የውፍረት ልክ በሚሊ ሜትር አንብበውበት ለእህታቸው አስተላልፈዋል። ጽሑፉ እውነት ነበር። ዘንጉ ሲወጣ ግን ቀጭን የአሉሚኒየም ቱቦ ለብሶ ነው የወጣው። ረዳታችን ካሊፐሩን፣ ያን የውፍረት መለኪያ፣ ብስክሌቱ አካል ላይ ባለው ቱቦ አፍ አስገብቶ ሲለካ 31.6 ሚሊ ሜትር አነበበ። «ተሳስተዋል! ቁጥሩ ሌላ ነው!» ብሎ ጮኸ።

አለቃችን ሳቁ። ከተሳሳቱ አይቀር እንዲህ መሳሳት ነው። ለቀጭን ዘንግ ማጥበቢያ ቱቦ አልብሰህ ሰፊ ቦታ ውስጥ ታስገባዋለህ፤ ሲመረትም እንዲሁ ታስቦ ነው። ወፍራም ዘንግ ለጠባብ ቱቦ ብታዝዝ ግን መፍትሔ የለውም። አንዳንዱ ቶርኖ ቤት ወስዶ ቱቦውን ከውስጥ ያስፍቀዋል፤ ቀድሞም ስስ የሆነን አሉሚኒየም መፋቅ ብስክሌቱን መግደል ነው። ማጥበቢያውም ቢሆን በልኩ የተሠራ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ የተሠራ ብስክሌት መጥቶልን ዘንጉን ብንመዝዘው የለስላሳ ቆርቆሮ ተቀድዶ ተጠቅልሎበት አገኘን። ዘንጉ እየተንሸራተተ ሲያስቸግራቸው ብሎኑን አጥብቀው አጥብቀው የቱቦውን አፍ ሰንጥቀውታል። ያ ብስክሌት ዛሬም ሱቃችን ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ዕቃው እየተፈታ ለሌላው ይሆናል።

ቀጥሎ የተለካው ማንም ያላሰበው ነገር ነበር፤ ከቱቦው አፍ እስከ ኮርቻው ብረት ድረስ ያለው ከፍታ። መምህሩ አጠር ያሉ ናቸው፤ ብስክሌታቸው ደግሞ ትልቅ ነው። ስለዚህ ዘንጋቸው ከቱቦው ብዙ አይወጣም፤ 12 ሴንቲሜትር ብቻ ነበር። ባለ ሞላ ዘንግ ደግሞ ከራሱ ላይ ያለው መሣሪያ ወደ ቱቦው ስለማይገባ ቦታ ይፈልጋል፤ የሚወርድበት ልክ በረዘመ ቁጥር የሚፈልገው ቦታም ይረዝማል፤ ባለ ዘጠናው 15 ሴንቲሜትር ገደማ ይፈልጋል።

«መምህር» አሉ አለቃችን ሜትሩን እየጠቀለሉ፣ «ዘጠና ከሃምሳ እንደሚበልጥ አምናለሁ። አሥራ ሁለት ግን ከአሥራ አምስት ያንሳል። ረጅሙን ከገዙ እግርዎ ፔዳሉን ፍለጋ ይንከራተታል።»

የሒሳብ መምህር በቁጥር ሲረታ ማየት ደስ ይላል፤ እሳቸውም በሳቅ ተቀበሉት።

ርካሹን ቱቦ በቱቦም አለቃችን ውድቅ አደረጉት። የብስክሌት የኮርቻ ቱቦ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው፤ የሰው ክብደት ግን ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ስለዚህ የውስጡ ቱቦ ከመውረድ ይልቅ የውጭውን ግድግዳ ይጫናል፤ ትንሹን ድንጋይ ሳይሰማ ያልፈዋል፤ ሲቆይ ደግሞ ይበላና ኮርቻው ግራና ቀኝ ይወላገዳል። እኔ በዚህ ላይ እንደ አለቃችን አልጨክንም። ቀስ ብሎ ገበያ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ርካሹም ቢሆን ከምንም ይሻላል። መምህሩ ግን በየቀኑ የሚነዱ ናቸው። የሰንቱሩ አራት ማጠፊያዎች ስላሉት ኮርቻው ሲወርድ ወደ ኋላም ይሄዳል፤ ከፔዳሉ ያለው ርቀት እምብዛም አይለወጥም። የተድበስተሩ አሠራርም ተመሳሳይ ነው፤ በሞላ ፈንታ ድፍን ላስቲክ ይጠቀማል እንጂ። ላስቲክ ብርድ ሲመታው ይጠጥራል። ለባሕር ዳር ይህ አያሰጋም፤ ደብረ ብርሃን ላይ በጠዋት ለሚነዳ ሰው ግን አስቀድሜ እነግረው ነበር።

ስለዚህ ሃምሳው ተመረጠ። አለቃችን መምህሩን ሲሸኙ «ሞላው በክብደት ነው የሚመረጠው። ኪሎዎን ለእህትዎ በትክክል ይንገሩ፤ የሚይዙትን ቦርሳም ጨምረው» አሉ። መምህሩም «ይገባኛል» ብለው ሄዱ።

ዕቃው ከሻንጣ ወጥቶ ሲመጣ ረዳታችን እንደ ሠርግ ተቀበለው። ማጥበቢያ ቱቦውን አጽድቶ፣ የቱቦውን ስንጥቅ ከብስክሌቱ አካል ስንጥቅ ጋር አገጣጥሞ፣ ዘንጉ ላይ የተሰመረው የመግቢያ ዝቅተኛ ልክ መስመር ሙሉ በሙሉ ከውስጥ መግባቱን አይቶ ብሎኑን አሰረ። ሥራው እንከን አልነበረውም። መምህሩ የፈተና ወረቀት የሞላ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ኮብልስቶኑ ወጡ።

ብዙም ሳይቆዩ ብስክሌቱን እየገፉ ተመለሱ። «ያኛው ይሻል ነበር» አሉ። «አሮጌው ላይ ድንጋዩ እንደሚመታኝ አውቄ እዘጋጃለሁ። ይህ ግን አባብሎ ካወረደኝ በኋላ ነው ከታች የሚደቁሰኝ።»

ረዳታችን ደነገጠ፤ ብሎኑን እንደገና ሊፈትሽ ቁልፉን አነሣ። አለቃችን ግን መምህሩን ግድግዳ አስደግፈው ብስክሌቱ ላይ አስቀመጧቸው፤ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አድርገው፣ ቦርሳቸውን እንደያዙ። እኔ ከቱቦው አፍ እስከ ኮርቻው ብረት ባዶውን ለክቼ ነበር፤ ተቀምጠው ደግሜ ለካሁ። ልዩነቱ 24 ሚሊ ሜትር ሆነ። ገና ድንጋይ ሳይነኩ የሃምሳውን ግማሽ ተቀምጠው ጨርሰውታል። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከአምስት አንድ እጅ፣ ቢበዛ ከሦስት አንድ እጅ ገደማ ነው መውረድ ያለበት፤ ለሃምሳው ከ10 እስከ 17 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ቀሪው ለጉድጓዱ ይቀመጣል። ጨርሶ የወረደ ሞላ ደግሞ ብረት ከብረት ያጋጫል፤ ለስላሳ ተብሎ የተገዛው ከድርቁ የባሰው በዚህ ነው።

ዘንጉን መዝዘን ከሥሩ ያለውን ማጥበቂያ ብሎን በአለን ቁልፍ አጠበቅነው። ተሻሻለ፤ 18 ላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ግን እንቢ አለ። ያ ብሎን ሞላው መውረድ የሚጀምርበትን ጊዜ ያዘገያል እንጂ ሞላውን አያጠነክረውም። በዚህ ሞላ ወደ ቤዛዊት ዳገት ቢወጡ በእያንዳንዱ ፔዳል ርግጫ ኮርቻው እንደ ፈረስ ሲያነጥራቸው ይውላል።

አለቃችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ። «መምህር፣ ለእህትዎ ስንት ኪሎ ነኝ አሏት?»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ሰማንያ።»

«መቼ ነው የተመዘኑት?»

«እሱ... ቆየት ብሏል።»

ከሱቃችን ጎን ወፍጮ ቤት አለ። መምህሩን ይዘናቸው ሄድንና፣ ከእህል ጆንያ ወረፋ ተበድረን፣ ሚዛኑ ላይ ከነቦርሳቸው አወጣናቸው፤ 97 ኪሎ። ወፍጮ ቤት የነበሩት ሴቶች እንዴት እንደሳቁ አይነገርም። አንዷማ «መምህር፣ ያስፈጩ እንዴ?» አለቻቸው። ተማሪ በአሥር ነጥብ ሲሳሳት የሚጥሉ ሰው በአሥራ ሰባት ኪሎ ስተው ተገኙ። በእርግጥ ከዚያ ውስጥ የፈተና ወረቀቱና መጻሕፍቱም አሉበት። ሞላው ግን ሥጋና ወረቀት አይለይም።

ጠንካራው ሞላ ሌላ መንገደኛ እስኪገኝ ጠበቀ። በመሐሉ መምህሩ በቀነሰው ነፋስና በአሮጌው ዘንግ ይነዱ ነበር፤ ወገባቸውም ከቀድሞው እንደሚሻል ነገሩን። ሞላው ሲመጣ ግራሶ ቀብተን ገጠምነው። አስቀምጠን ስንለካቸው 13 ሚሊ ሜትር ወረደ። ኮርቻውን ያንኑ ያህል ከፍ አደረግነው፤ ሰው ሲቀመጥበት ዝቅ ስለሚል ቁመቱ ካልተካካሰ ጉልበት ይታመማል። እንዲህ ያለው ዘንግ ኮርቻውን ወደ ኋላ ስለሚወስደው በብረቱ ላይ ወደ ፊት ሳብ አደረግነው። ማጠፊያዎቹን የበጋው አቧራና የክረምቱ ጭቃ እንዳይበላቸው ረዳታችን ከአሮጌ ካላማዳሪያ ቆርጦ መሸፈኛ አበጀላቸው። ይህ የማንም ትእዛዝ አልነበረም፤ ከራሱ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘንግ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ ስልኩን ከማየቱ በፊት ጎማውን ሲጫን አየዋለሁ።

አለቃችን የጠየቁት የአንድ ጊዜ ማሰሪያ ብቻ ነው። ለነፋሱም፣ ለመለኪያውም፣ ለወፍጮ ቤቱም አላስከፈሉም።

መምህሩ አሁን የእንቅስቃሴያቸው ምሥጢር ዘንጉ እንደሆነ ለባልደረቦቻቸው ይሰብካሉ፤ አንዳንዶቹም ተመሳሳዩን ፍለጋ ወደ እኛ ይመጣሉ። አለቃችን «ግማሹን ያዳናቸው ነፋሱ ነው» ብለው ይከራከራሉ። እህትየው በበኩሏ ሁለት ጊዜ መንገደኛ ለምና የላከችው እሷ ስለሆነች ምስጋናውን ለማንም አታጋራም። ለወንድሟ ጃኬት እንኳ ከመግዛቷ በፊት «ወንድም ጋሼ፣ መጀመሪያ የወፍጮ ቤቱን ሚዛን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» እንደምትላቸው ራሳቸው ናቸው የነገሩን።